አሠልጣኙ ዘመሮ ቢመጡ

የእግር ኳስ ደጋፊ ፍርድ እንጂ ጥያቄ አይወድም ይባላል። ቡድኑ ሲሸነፍ አሠልጣኙን በአንድ ቃል ያሰናብታል፤ ሲያሸንፍ ደግሞ በዚያው አፉ ጀግና ብሎ ይሾመዋል። ሰውየው ምን አስቦ ምን እንደ ሠራ ለመጠየቅ የሚደክም ጥቂት ነው። ከጨዋታ በኋላ በመኝታ ቤታችን የሚሰማውን ጩኸት የሚያውቅ አንባቢ ይህን የሚክድ አይመስለኝም። ባለፈው ክረምት በአገሬ በዘመሮ የሰማሁት ክርክር ግን ከዚህ የተለየ ስለ ሆነብኝ ለጓደኞቼ ላካፍል አሰብሁ።

ዘመሮን የማያውቅ ቢኖር፣ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። የክረምቱ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሲወጣ የማዶው ቤት እንኳ አይታይም። ስለዚህ ሰው ከቀትር በኋላ ባናውን ተከናንቦ ጠላ ቤት ይሰበሰባል። የመንዝ ሰው ደግሞ ሙግት ይወዳል፤ በድንበርና በርስት ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ስለ ሆነ የቃል አጣጣሉን ያውቅበታል። ርስቱ ቢቀር ሙግቱ አልቀረምና ዛሬ ስለ ኳስ ይደረጋል።

በዚያን ዕለት የተነሣው ነገር ይህ ነበር፦ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አሁን በዚህ በር ገብተው ከመደቡ ላይ ቢቀመጡ እያንዳንዳችሁ ምን ትጠይቋቸው ነበር? ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ዳኛ ሆነው ሕግ አወጡ። ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይፈቀዳል፤ ስድብ ያለበት ጥያቄ አይቈጠርም፤ «ኳስ ነው፣ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» ተብሎ ሊመለስ የሚችል ጥያቄም ውድቅ ነው። ይህ ሦስተኛው ሕግ ስንቱን አፍ እንዳዘጋ ባያችሁ! «ለምን ተሸነፍን?» ብሎ የጀመረ ሁሉ ወዲያው ተቀመጠ።

ቀጥሎ የትኛው አሠልጣኝ ይምጣ የሚል ክርክር ሆነ። ዳኛችን ከሁሉ በፊት ይድነቃቸው ተሰማን አነሡ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን የመሩ እርሳቸው ናቸው፤ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ነገር ግን «ላሸነፈ ሰው ምን ጥያቄ አለው? ምስጋና ብቻ ነው» ተባለና ቀሩ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ላሸነፈ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ እንዲያውም የሚበልጥ ነው። ያ ዋንጫ ለምን ሁለተኛ አልተከተለውም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ደስ ባለኝ።

በመጨረሻ በአንድ ድምፅ የተመረጡት ሰውነት ቢሻው ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁን እርሳቸው ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር የተደረገው የመጀመሪያው ጨዋታ የዋለውም ጥር 13 ቀን ነበር፤ ልክ በ1954ቱ ዋንጫ በ51ኛ ዓመቱ። ዳኛችን ይህን ሲናገሩ ጠላ ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያን ቀን ሳላሃዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ በዐሥር ሰው ተጫውተን አዳነ ግርማ አገባና ከአፍሪካ ሻምፒዮን ጋር 1 ለ 1 ወጣን። በቴሌቪዥን ያየነው ልጆች ሳለን ቢሆንም የመንደሩ እልልታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

የመጀመሪያውን ተቀባይነት ያገኘ ጥያቄ ያቀረበው ፀጕር አስተካካዩ ነው። «ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ሦስተኛው ጨዋታ» አለ፣ «በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ ቅያሪ አልቆ ነበርና አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። ጋሼ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ በረኛ በቀይ የወጣበት አሠልጣኝ እስከ መጨረሻው ደቂቃ አንድ ቅያሪ ለምን አላስቀረም?» እውነት ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከአንድ ጋዜጣ ገጽ ትችት የሚበልጥ። የሚመለስ ጥያቄ ስለ ሆነም ሁላችን በአሠልጣኙ ቦታ ሆነን መመለስ ጀመርን። አንዱ «ጎል ያስፈልገን ነበር፤ አጥቂ ሳይገባ በረኛ ይጠበቃል?» አለ። ሌላው ተነሥቶ መለሰለት። አሠልጣኝ መሆን ከተመልካች ወንበር እንደሚታየው ቀላል አለመሆኑን ማንም ሳይሰብክ ሁሉም ዐወቀው።

ከሁሉ ረጅም የሆነው ክርክር ግን የምንያህል ተሾመ ነገር ነው። ላልሰማ ልንገር። ለ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በአገሯ 2 ለ 1 አሸነፍን። ምንያህል በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ አይቶ ስለ ነበር በሕጉ መሠረት በዚያ ጨዋታ መሰለፍ አይገባውም ነበር፤ ተሰለፈ። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን ጨረስነው ብለን ስንጨፍር፣ በዚያው ቀን ፊፋ ጕዳዩን መመርመር መጀመሩ ተሰማ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ፤ ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጠ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ምድቡን የጨረስነው እንደ ገና ማዕከላዊ አፍሪካን ብራዛቪል ላይ 2 ለ 1 ካሸነፍን በኋላ ነው።

«ጋሼ ሰውነት፣ የቢጫ ካርዱን መዝገብ የያዘው ማን ነበር?» ጥያቄው ይህ ነው። ያቀረበውም ባና ነጋዴ ነው፤ ዱቤ መዝገብ መያዝ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው። ወዲያው ግን ሌላ ሰው «ይህ ለአሠልጣኝ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም፤ ለጽሕፈት ቤት ነው» ብሎ ተቃወመ። ጠላ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ተሰላፊውን የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው ሰው የተፈቀደለት መሆኑን ማወቅ አለበት አለ። ሌላው ወገን፣ ገበሬ በሬውን ይጠምዳል እንጂ የበሬውን ግብር ደረሰኝ በኪሱ ይዞ አያርስም አለ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ወረቀት የሚይዝ ሰው የሚቀጠረው ሜዳ ላይ ያለው ሰው ሜዳውን እንዲያይ ነው። ደግሞም በአገራችን ወረቀቱ ሲጠፋ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ በዐይን የሚታየው ሰው ነው፤ አሠልጣኝ ደግሞ በጠቅላላው ሕዝብ ዐይን ሥር ቆሞ የሚሠራ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ በኅዳር ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችን፤ በጥር በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን፤ ሰውነትም ተሰናበቱ። ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ እያለ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ወንበሩ ስድስት ሰው ለዋወጠ። የአርሰናሉ ቬንገር በአንድ ወንበር 22 ዓመት መቀመጣቸውን የዘመሮ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ውበቱ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ እንኳ «የሜዳችን» ጨዋታ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ ካፍ ስታዲየሞቻችንን አልቀበልም ስላለ። ታዲያ ያን ድል በእልልታ የሚቀበል ደጋፊ ሜዳው አጠገብ የት ነበር?

ጠላ ሻጯ እትዬ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ብርሌ ሲያቀርቡ ቈይተው «እኔም አንድ አለኝ» አሉ። «ያን ሌሊት፣ ሦስቱ ነጥብ የሄደ ዕለት፣ እህል ቀምሰው ነበር ወይ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።» ሰዎቹ ሳቁ። ዳኛው ግን አልሳቁም፤ «ሕጉን ያሟላል፤ ኳስ ነው ተብሎ አይመለስም» ብለው መዘገቡላቸው።

ከበሩ አጠገብ የቆመ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጁን ያወጣው በመጨረሻ ነው። በእረፍቱ ከእርሱ ጋር ተጫውቻለሁ፤ ግራ እግሩ የሚያስቀና ነው። የሚጫወትበት ሜዳ ግን ወደ ገደሉ ያዘነበለ ነው፤ ኳሷ ወደ ታች ከወረደች ጨዋታው በዚያው ያበቃል። የዘመሮ ልጅ ኳስን በኃይል የማይመታው ስለዚህ ነው፤ በእግሩ ሥር ማቆየት ይማራል። ልጁ «አሠልጣኙን የምጠይቀው» አለ፣ «ተጫዋች ሲመርጡ እስከ የት ድረስ ሄደው ያያሉ?»

አንድ ሰው ስለ ሊግና ስለ ክለብ ሊያስረዳው ጀመረ፤ አሠልጣኝ የሚመርጠው ከፕሪሚየር ሊጉ ነው፣ ክለብ ደግሞ ከከተማው ነው፣ አንተም ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ወርደህ መሞከር አለብህ እያለ። ልጁ በትሕትና ሰማው። ከዚያም ለዳኛው «ጋሼ፣ አሁን የመለሱልኝ አሠልጣኙ ናቸው ወይስ እርሳቸው?» ብሎ ጠየቀ።

ዳኛው ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ስለ ሆነ አይፈቀድም አሉ። የመጀመሪያውን ግን ከወረቀታቸው ራስ ላይ፣ ከቢጫ ካርዱም በላይ አድርገው ጻፉት።