ዲስክም ናናይስ ያስፈልገዋል

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልጻፈው። በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው ሰርቨር የምትይዙ የቀድሞ ተማሪዎቼ በተለይ አንብቡት።

የዲስክ ጤና የሚያሳዩ ፕሮግራሞች አሁን በነፃ ይገኛሉ። እኔ የምጠቀመው ስክሩቲኒ የሚባለውን ነው። ዲስኮች ስለራሳቸው የሚመዘግቡትን መረጃ፣ ስማርት የሚባለውን፣ ሰብስቦ ብሮውዘር ላይ በአንድ ገጽ ያሳያችኋል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ማስጠንቀቂያውን አይታችሁ ወደ ማሽኑ ስትሄዱ ነው። ገጹ ኤስዲቢ ታሟል ይላል፤ ማሽኑ ላይ ግን አራት ተመሳሳይ ጥቁር ሳጥኖች ተደርድረዋል። የቱ ነው ኤስዲቢ?

ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚባለው የዲስኩ ስም አይደለም እኮ። ሊኑክስ ሲነሳ ዲስኮቹን ባገኛቸው ቅደም ተከተል የሚያድላቸው ፊደል ነው። ቀድሞ የገባ ተማሪ ፊት ወንበር ይይዛል እንደማለት ነው፤ ነገ ሌላ ሊቀመጥበት ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱ ዲስክ ዘግይቶ ቢነሳ የትናንቱ ኤስዲቢ ዛሬ ኤስዲሲ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጅግጅጋ ውስጥ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ለእናንተ አልነግርም።

ሞዴሉም አይለየውም። አራቱን ባንድ ቀን ካንድ ሱቅ ከገዛችሁ አራቱም ሞክሼ ናቸው። እዚህ አገር ስም የጠራ መምህር ይሄ ይገባዋል። «መሐመድ አብዲ!» ስትል ሦስት ልጅ «አቤት» ይላል። የአያት ስም ጨምረህም አንዳንዴ ሁለት ይቀራሉ። ሶማሌ ናናይስ የሚያወጣው ለዚህም ጭምር ነው፤ ዴር ረጅሙ፣ ጉሬይ ግራኙ። ሰውየው ላይ ከሚታይ ነገር ስለተነሳ አያምታታም። ዲስክ ላይ የሚታየው የማይደገም ነገር ሲሪያል ቁጥሩ ነው።

አንድ ትምህርት ቤት የሆነውን ላጫውታችሁ። ሁለት ዲስክ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ይሠራ ነበር። አንዱ ታመመ። ሊቀይሩ ገቡና ጤነኛውን ነቀሉት። ማንም አልጠረጠረም፣ ምክንያቱም ማሽኑ ሥራውን ቀጠለ። የነቀሉትን ፎርማት አድርገው ለጥበቃ ካሜራው መቅጃ ሰጡት። አዲሱ ዲስክ ከታመመው እየገለበጠ ሳለ የታመመው ሞተ። የሦስት ዓመት የተማሪ ውጤት በቃ ሄደ። ሮስተሩ በወረቀት ስለነበረ መምህራኑ ክረምቱን ሙሉ ሲያስገቡ ከረሙ፤ ትራንስክሪፕት ፈልጋ ከቀብሪበያህ የመጣች ልጅ ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ነው ያገኘችው።

ስለዚህ ስክሩቲኒ ቅንብር ውስጥ ግቡና በፊደሉ ፈንታ ሲሪያል ቁጥሩን እንዲያሳይ አድርጉት። ማሽኑን አጥፍታችሁ ዲስኮቹን አንድ በአንድ አውጡ፤ የሲሪያሉን የመጨረሻ አራት አሃዝ በወፍራሙ ጽፋችሁ ከፊት በኩል ለጥፉ። የአየር ቀዳዳውን አትድፈኑ። የተራ ፕላስተር ሙጫ በአቧራና በሙቀት ስለሚላቀቅ ጥሩ ስቲከር ግዙ። ቦታውንም መዝግቡ፣ ከላይ ነው ከታች የተቆጠረው፣ ከዜሮ ነው ከአንድ፤ ይሄ የማይረባ ዝርዝር ይመስላል፣ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ሰው በሌላ አቅጣጫ ይቆጥራል። ወረቀቱ አንድ ቅጂ ሰርቨሩ በር ላይ ይሁን። እዚያው ሰርቨር ውስጥ ሴቭ ያደረገ ሰው አውቃለሁ!

ገጹ ላይ መጀመሪያ ቁጥር 5፣ 197 እና 198ን እዩ። የተበላሹና የተጠረጠሩ ሴክተሮችን የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው፤ ከዜሮ ተነስተው ከጨመሩ መለወጫ ዲስክ ፈልጉ። ዜሮ ስለሆኑ ግን ተኝታችሁ አትደሩ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት ከሞቱት ዲስኮች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት አንድም የስማርት ምልክት ሳያሳዩ ነው የሄዱት። ባክአፕ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጥ።

በቶጎ ውጫሌ በኩል ስለሚገባው ያገለገለ ዲስክ ለጠየቃችሁኝ፦ መግዛቱ ነውር የለውም። ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥር 9ን እዩ፤ በርቶ የቆየበት ሰዓት ነው። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። አዲስ ነው የተባለው ዲስክ 26,000 ካሳየ ሦስት ዓመት ሌላ ቤት ሲሠራ ከርሟል፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ተከራከሩ።