የጋራው ጉድጓድ



ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ በልጄ ላይ ተቆጣሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምትማር ናት። ለሳምንታት ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጣ ስታመሽ አይቼ ብጠይቃት የአንድ ነፃ ሶፍትዌር ቃላትን ወደ አማርኛ እየመለሰች መሆኗን ነገረችኝ።

«ስንት ይከፍሉሻል?»

«ምንም፣ አባዬ።»

«ኩባንያዎችስ ይነግዱበታል?»

«አዎን፣ ይነግዱበታል።»

«እንግዲያውስ የሀብታም ጎተራ በነፃ እየሞላሽ ነው!» አልኳት።

ልጄ ሳትቆጣ ስልኬን አነሣች። የአንድሮይድ ስልክ መሠረቱ ሊኑክስ ነው አለችኝ። በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ጀመረው። ፈቃዱ ንግድን አይከለክልም፤ ነገር ግን አሻሽሎ ለሌላ የሚያድል ሁሉ የተሻሻለውን ምንጭ አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዛሬ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት እንደ ኢንቴል፣ ሬድ ሃትና ጉግል ያሉ ኩባንያዎች ደመወዝ የሚከፍሏቸው ባለሙያዎች ናቸው። ጉግል ኖቶ የተባሉትን የፊደል ቅርጾች፣ የእኛን ፊደል ጨምሮ፣ ማንም በነፃ እንዲጠቀምባቸው ለቅቋል።

ይህን ስሰማ ጣና ዳር ባለው ሠፈራችን አንድ ደግ ሰው ወቅፍ አድርገው ያስቆፈሩት የውኃ ጉድጓድ ትዝ አለኝ። ድሃውም ባለ ሻይ ቤቱም ይቀዱ ነበር። ባለ ሻይ ቤቱ በውኃው ነግዶ ቢያተርፍ ማንም አልተቃወመውም። ገመድ ሲበጠስ፣ ደለል ሲጠረግ ግን ከሌላው አብልጦ ያዋጣ ነበር። ነውሩ መነገዱ ሳይሆን ቀድቶ ዘወር ማለቱ ነው።

እንዲህ ያለው ነውር በዓለምም ታይቷል። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምስጢር የሚቆልፍ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ታላላቅ ኩባንያዎች ሲጠቀሙበት የሚጠብቁት ጥቂት ሰዎች በአነስተኛ መዋጮ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ኸርትብሊድ የተባለው ከባድ ቀዳዳ ተገኘበት። ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፌስቡክና ሌሎችም በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ ያዋጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጉድጓዱ ሊደረመስ ሲል መሆኑ ነው።

ከዚያም ወደ ራሴ ተመለስኩ። እኔ የተማሪዎቼን ፈተና ለዓመታት የጻፍኩት ባለቤቱ ሳይፈቅድ በተገለበጠ የአማርኛ መጻፊያ ነበር። ለሻጩ አልከፈልኩም፣ ለነፃውም አላዋጣሁም። ልጄን የገሠጽኩት በዚህ እጄ ነው። አላህ ይማረኝ።

በማግስቱ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ፋይል ለማቆየት ‹አስቀምጥ› ይሻላል ወይስ ‹አኑር›?» አለችኝ። ብዙ ተከራክረን «አስቀምጥ» ላይ ተስማማን። ለጉድጓዱ ያዋጣሁት የመጀመሪያው ድንጋይ ይኸው ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን በነፃ ሲሠሩ ከመቆጣታችን በፊት እኛ ከማን ጉድጓድ እየጠጣን እንደሆነ እንጠይቅ። አላህ ሥራችንን ሰደቀቱን ጃሪያ ያድርግልን። አሚን።