ቁጥር የተጻፈባቸው የባሕር አንበሶች

አንባቢ ሆይ፤ የባሕር አንበሳ የሚባለውን እንስሳ በሥዕል ካልሆነ በቀር አይተኸው እንደማታውቅ እገምታለሁ። በአገራችን የለም። ውሃው ውስጥ ገብተህ ዐይን ለዐይን ልትተያየው ብትወድ ግን መንገዱን ልንገርህ።

በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ቫንኩቨር የሚባል ታላቅ ደሴት አለ። ከዚያ ተነሥተህ በክሊ ቤይ ከተባለው ወደብ በመርከብ ስትሻገር ዴንማን ደሴት ትደርሳለህ። ዴንማንን አቋርጠህ ሌላ መርከብ ብትሳፈር ሆርንቢ ደሴት ያወርድሃል። ከሆርንቢ በስተደቡብ በኩል ኖሪስ የሚባሉ፥ ከባሕሩ ጥቂት ብቻ ብቅ ያሉ ዓለቶች ይታያሉ። የብርዱ ወራት ሲገባ የባሕር አንበሶች በመቶ እየሆኑ ይሰፍሩባቸዋል። የሚጠብቁት ሄሪንግ የተባለውን ትንሽ ዓሣ ነው። በመጋቢት ገደማ ይህ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል በገፍ ሲመጣ፥ ከወንዱ ዘር የተነሣ ባሕሩ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

ጀልባህ ገና ሳትቀርብ ድምፃቸውን ትሰማለህ። እንደ ውሻ የሚጮኹት የካሊፎርኒያ የባሕር አንበሶች ናቸው። እንደ እውነተኛው አንበሳ የሚያገሡት ግን ስቴለር የተባሉት፥ ከወገኖቻቸው ሁሉ በአካል የሚበልጡት ናቸው። እንስቲቱ 300 ኪሎ ያህል ስትመዝን፥ አውራው እስከ 1,000 ኪሎ ይደርሳል።

የውሃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሆነ፥ ጠላቂዎች ውሃ የማያስገባ ወፍራም ልብስ ለብሰው፥ የአየር ጠርሙስ በጀርባቸው አዝለው ይገባሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ አታሳድድ፥ ጸጥ ብለህ ጠብቅ። መምጣታቸው አይቀርም። በዓለቱ ላይ ሲንፏቀቅ ያየኸው ግዙፍ ፍጡር በውሃ ውስጥ እንደ ወፍ ሲበር ታየዋለህ። ጎረምሶቹ ደፋሮች ናቸው። እጅ ስለሌላቸው አዲስ ነገር የሚመረምሩት በአፋቸው ነው፤ ቆብህንና ክንድህን በጥርሳቸው ያዝ ለቀቅ ያደርጋሉ፤ ቡችላ ከጌታው እጅ ጋር እንደሚጫወት ማለት ነው።

እንዲህ ሲዞሩህ ሳለ በአንዱ ጎን ላይ ፊደልና ቁጥር ተጽፎ ብታይ ዐይንህን አትጠራጠር። ከብቱን በጋለ ብረት ተኩሶ ምልክት የሚያደርግ አርቢ እንዳለ ታውቃለህ። ይህም ያው ነው፤ የከብቱ ምልክት የባለቤቱን ስም ሲናገር፥ ይህኛው የእንስሳውን የራሱን ይናገራል። በሰኔና በሐምሌ አጥኚዎች ወደ መውለጃዎቹ ዓለቶች ሄደው አንድ ወር ያህል የሆናቸውን ግልገሎች ይይዛሉ፤ በሚተነፈስ ማደንዘዣ አስተኝተው ይተኩሷቸዋል። ፊደሉ የትውልድ ስፍራውን ያመለክታል፤ ለምሳሌ ኤፍ የተባለው የላቲን ፊደል በአላስካ የሚገኘው የፎሬስተር ደሴት ምልክት ነው። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ያየ ሁሉ፥ ባለ ጀልባም ይሁን ጠላቂ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከቀኑና ከቦታው ጋር ለአጥኚዎቹ ሊያሳውቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ልጻፍልህ። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጌኦርግ ስቴለር በ1741 ከቪቱስ ቤሪንግ ጋር በመርከብ ተጉዞ ይህን እንስሳ አጥንቶ ጻፈ። በዚያው ጉዞ የባሕር ላም የተባለ ሌላ ትልቅ እንስሳም አገኘ። አዳኞች ተከትለው ሄደው በ27 ዓመት ውስጥ ዘሩን አጠፉት። የባሕር አንበሳውም ዕጣ ወደዚያው ያዘነበለበት ጊዜ ነበር። በካናዳ ዓሣችንን ይጨርስብናል እየተባለ ከ1912 እስከ 1968 በጥይት ተፈጀ፤ ሕግ የተከላከለለት በ1970 ነው። በምዕራብ አላስካ ደግሞ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000 ድረስ ከመቶው 80 ያህሉ ጠፋ።

የጠፉት ምን አግኝቷቸው ነው? በአንድ ዓለት ላይ መቶ የነበሩት ሃምሳ ቢሆኑ፥ ሞቱ ወይስ ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ? ግልገሎቹ አለቁ ወይስ እናቶቹ መውለድ አቆሙ? መንጋውን በጅምላ በመቍጠር ብቻ መልሱ አይገኝም። እያንዳንዱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በክንፉ ላይ የሚታሰረው የፕላስቲክ ምልክት ይወድቃል፤ ከሩቅም አይነበብም። በጠጕሩ ላይ የሚጣበቀው፥ ከሳተላይት ጋር የሚገናኘው መሣሪያም ጠጕሩ በየዓመቱ ሲረግፍ አብሮ ይሄዳል። የተተኮሰው ቁጥር ግን እስከ 30 ዓመት ልትኖር የምትችለውን እንስት ዕድሜዋን ሁሉ ይከተላታል።

ሆኖም ማደንዘዣው ሲለቅ ቃጠሎው እንደሚያም ማን ይክዳል? በ2006 በአሜሪካ አንድ የእንስሳት ተቈርቋሪ ማኅበር ከሶ፥ የፌዴራል ፍርድ ቤት የምርምሩን ፈቃዶች ሰረዘ፤ ጥናቱ በእንስሳቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሚገባ አልተመረመረም ሲል ፈረደ። ሥራው እንደገና የተፈቀደው ይህ ምርመራ በ2007 ከተፈጸመ በኋላ ነው። በ2013 ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያሉት፥ የሆርንቢዎቹ ወገኖች፥ ቍጥራቸው በማገገሙ ከአሜሪካ የሥጉ እንስሳት መዝገብ ወጡ።

እኔ ፍርድ ቤቱንም አጥኚዎቹንም አልነቅፍም። የተተኮሰው ግልገል ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሏል፤ የሚቀረው የእኛ ፋንታ ነው። ማንም ያላነበበው ቁጥር ጠባሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ወደዚያ ባሕር ለመግባት ዕድል ቢገጥምህ፥ በጨዋታቸው ተደስተህ ቁጥሩን ሳትመዘግብ አትመለስ።