ከሐይቅ ዳር፣ ግራና ላሉት አባቴ

ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ግራና

ጉልበትዎ በዚህ በጥር ብርድ እንዴት አደረገዎት? ሽንኩርቱ ተነቀለ? ማንጎውስ አበባ ይዟል?

ትናንት ማታ በስልክ ላወራዎት ጀምሬ ኔትወርኩ አላስጨረሰኝም። ደግሞም የሁለት ደቂቃ ወሬ አይደለም። ስለዚህ እንደ ድሮው ብዕር አነሣሁ። ደብዳቤውን ወደ መርሳ በሚሄድ ሰው እጅ ስለምልከው፣ ከጎረቤት ተማሪ ጠርተው ቀስ ብላ ታንብብልዎ። እማዬም ቡናዋን አቅርባ አብራ ትስማ።

ነገሩ የተጀመረው ከእርስዎ ነው። ክረምት ግራና በመጣን ጊዜ የአሰብን ታሪክ ለልጆቹ አጫወቷቸው። በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው፣ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው እንደወረዱ፤ ሙቀቱን ሽሽት ሌሊት ሌሊቱን እንደተጓዛችሁ፤ ጎህ ሲቀድ ባሕሩን ሲያዩ ምድር ያለቀች መስሎዎት እንደደነገጡ፤ ከዚያም ወርደው በእፍኝዎ ጨልፈው ቢቀምሱት ጨው ሆኖብዎ እንደተፉት። ትልቋ ሰምታ ዝም አለች። ማሙሽ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ዕረፍት አልሰጠንም። «የአያቴ ባሕር መቼ ነው የምንሄደው?» ሲል ከረመ።

ምን ልበለው? ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ የእርስዎ አሰብ የሌላ አገር ወደብ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ልጆቹን በአውሮፕላን ዛንዚባር ወይም ሞምባሳ ወስዶ ነጭ አሸዋ ላይ ያስሮጣል። የእኛ የመምህርና የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ እንኳን ለዛንዚባር ለወሩም በብድር ነው የሚደርሰው። የጥምቀት ዕለት ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ማሙሽ ያንኑ ጥያቄ ደገመው። ይኼኔ ባለቤቴ፣ «ሐይቅስ?» አለኝ።

አባቴ፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ አፈርኩ። ከኮምቦልቻ ግራና ስንመላለስ ስንት ዓመታችን ነው? ሐይቅ ከተማን ስንቴ አልፈናል? አውቶቡሱ ሲቆም በመስኮት ዓሣ እንገዛለን፣ ከዚያ ወደ ውጫሌ፣ ወደ ውርጌሳ፣ ወደ መርሳ እንነዳለን። የታሪክ መምህር ሆኜ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪዎቼን ሳስተምር ኖሬ፣ እግሬ ግን አንድም ቀን ውሃው ዳር ደርሶ አያውቅም።

ቅዳሜ ጥር 13 ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ትልቋን አዞራት። እማዬ በመጨረሻ ጊዜ የላከችው ሎሚ በቦርሳዬ ነበርና እሱን እያሸተተች ደሴ ደረሰች። ጢጣ ላይ መኪና ቀይረን በሱሉላ በኩል ቁልቁል ወረድን። አየሩ እየሞቀ ሲመጣ ማሙሽ ሹራቡን አውልቆ፣ «እንደ አሰብ ሞቀ!» አለ። ሐይቅ ከተማ ላይ ባጃጅ ይዘን ወደ ውሃው አቀናን።

ውሃው ከዛፎቹ መሐል ብቅ ሲል ያን ሁሉ ወር ሲለፈልፍ የከረመ ልጅ ጸጥ አለ። ሰማያዊ ነው አባቴ፣ ከሩቅ ያሉት ተራሮች ጥላቸውን ጥለውበት ዳር ዳሩ አረንጓዴ ይመስላል። ባጃጁ እንደቆመ ማሙሽ ጫማውን አውልቆ ሮጠ። ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ገባ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገርዎ፦ ሁለት እጁን ገጠመ፣ ጨለፈ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀመሰ። ሊተፋም ተዘጋጅቶ ነበር። ዓይኑን ገልጦ አየኝና፣ «እማ፣ ጨው የለውም!» አለ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። የአያቱ ባሕር አለመሆኑ ነው የከፋው።

አጠገቡ ተንበርክኬ ነገርኩት። ይህ የተዘጋ ውሃ መሆኑን፣ ወደ ባሕር የሚወስደው መውጫ ወንዝ እንደሌለው፣ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው የአንከርከሃ ወንዝ እንደሚገባበት። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን፣ ጥልቀቱ ደግሞ ጠለቅ ያለው ቦታ ላይ 88 ሜትር እንደሚደርስ። «88 ሜትር ስንት ነው?» አለኝ። «የመድኃኔዓለምን ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ደራርበህ አስበው» አልኩት። ዝም ብሎ ውሃውን አየ። ቀጥሎ፣ «የአያቴን ላም ግን ይህኛውን ማጠጣት እንችላለን» አለ። በዚህ ታረቀ።

ከሰዓት በኋላ ጀልባ ተከራየን። ቀዛፊው የዕድሜ ባለጸጋ ሙስሊም ናቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ገፉን፤ ፊት ለፊታችን ወዳለው የእስጢፋኖስ ገዳም እያመለከቱም፣ «ያ ቦታ ለሁላችንም ዘብ ነው» አሉን። ወሎ እንዲህ ነው፣ ለእርስዎ አልነግርዎትም። እየቀዘፉ የሐይቁን አፈጣጠር ተረኩልን። ድሮ እዚህ ደረቅ ምድር ሳለ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች አሉ። ፈጣሪ በግፉ ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነወዳጅ ዘመዶቿ ሰመጠች። የተበደለችው ሴት የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ተረፈች፤ እሷም ደሴት ሆነች። ገዳሙ ያለው እዚያች ላይ ነው።

ማታ የጠበስነው ቆሮሶ እስከ አሁን ጣዕሙ አፌ ላይ አለ። የእማዬን ሎሚ ጨመቅንበት፣ በአዋዜ በላነው። ዓሣው ራሱ እንግዳ ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን ቆሮሶን ወደ ሐይቁ ያስገቡት በ1970 ዓ.ም. ግድም ነው። ይኸው ዛሬ የስንት ቤት እንጀራ ሆኗል።

እሑድ ጠዋት ወደ ገዳሙ ሄድን። ያ ቦታ እንደ ድሮው በውሃ የተከበበ ደሴት አይደለም፤ ውሃው ሸሽቶ አንድ ወገኑ ከየብስ ተያይዟል፣ በእግር ይገባል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ መጥተው ገዳሙን ያቀኑት፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩት እዚህ ነው። ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በነገሥታቱ ዘንድ ሲከበር ኖሯል። በግራኝ አሕመድ ዘመን ጦሩ በውሃው ላይ ተሻግሮ ገዳሙን እንደዘረፈው ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቁታል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ከመጽሐፍ ነበር የማውቀው።

የወንዶች ገዳም ነውና ሴት አይገባም። ባለቤቴና ማሙሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፤ እኔና ትልቋ ከውጭ ቀረን። ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ልጅቱ ብዙ ዝም አለችና፣ «እማ፣ እኚያ ሰውዬ በነገሩን ተረት እዚያ የተቀመጠችው ሴት አይደለችም?» አለችኝ። ከ11 ዓመት ልጅ ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ሥርዓቱ የመነኮሳቱ ነው፣ እናከብረዋለን አልኳት። ግን ይህ መልስ ብቻውን ቅር የሚል ሆነብኝ። ልጄ በር ላይ ቀረሁ ብላ ወደ ቤቷ እንድትመለስ አልፈለግኩም።

ያን ጊዜ የኔታ ያስተማሩኝ ግዕዝ ትዝ አለኝ። «ሐይቅ» እኛ ዛሬ ለውሃው የምንሰጠው ስም ነው። በግዕዝ ግን ሐይቅ ማለት ዳርቻም ነው፤ የባሕር ጠርዝ፣ ውሃና የብስ የሚገናኙበት። ይህን ነገርኳት። ዙሪያዋን አየች፣ እግሯ ሥር እየመጣ የሚመለሰውን ውሃ አየች። «ታዲያ ሐይቅ የሚባለው እኛ የተቀመጥንበት ነው» አለች። አዎ አልኳት። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። እውነትም አባቴ፣ ዕድሜ ልካችንን ስሙን እየጠራን ያለፍነው ይህንኑ ዳር ነው። ወርዶ የሚቀመጥበት ሰው ነው ያጣው።

አንድ ነገር ደግሞ ነገርኳት። ከ500 ዓመት በፊት አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ በዚህ አልፎ፣ በደሴቱ ላይ ሎሚና ብርቱካን እንደነበረ ጽፏል። ልጅቱ ከቦርሳዬ የቀረውን አንድ ሎሚ አውጥታ አሸተተችና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። «የግራናን ሎሚ ለሐይቅ ሰጠሁ» አለች። እማዬ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል።

እዚያ ድንጋይ ላይ ሌላም ነገር አሰብኩ። የ2014ቱን ጥቅምትና ኅዳር። የሰሜኑ ጦርነት ግራናንም፣ ሐይቅንም፣ ኮምቦልቻንም ሲያዳርስ፣ እኛ በዚሁ አገር ልጅ አዝለን ስንሸሽ፣ እርስዎ ከብቱን ትቼ አልሄድም ብለው ሲቀሩ፣ ስልክ ተቋርጦ ይኑሩ አይኑሩ ሳናውቅ የከረምንበትን። ዛሬ ያው መንገድ ተከፍቶ ልጆቼ ውሃ ሲረጫጩ አየሁ። ሰላም ማለት ለእኔ ከዚህ ወዲያ ምንም አይደለም። ይህን ሳስብ አለቀስኩ፤ ልጅቱ እንዳታይ ፊቴን በሐይቁ ውሃ ታጠብኩ።

የሚያሳዝነውንም ልንገርዎ። ውሃው ዳር ሃይላንድ ተጥሎ፣ የፌስታል ቁራጭ ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ አየሁ። እርሻውም እስከ ውሃው አፋፍ ደርሷል፤ ዳገቱ ተራቁቷል። የግራና ወንዝ በክረምት ሲሞላ አፈራችንን እንዴት ጠርጎ እንደሚወስደው እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ያ አፈር እዚህ ቢሆን መሄጃ የለውም። መውጫ የሌለው ውሃ የገባበትን ሁሉ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ቆሻሻውም አፈሩም ከሥሩ ይከማቻል። ዳገቱ ላይ ዛፍ ይተከል፣ እርሻው ከውሃው ትንሽ ይራቅ፣ የመጣ ሰው ያመጣውን ይዞ ይመለስ። ልጆቹ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ለቅመው ወደ ከተማ ይዘን ወጣን። የሁለት ልጅ ሥራ ሐይቅ አያድንም፤ ግን ልጆቹ ሲለቅሙ ያዩ ሁለት ጎረምሶች ሳይነገራቸው መጥተው አገዟቸው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ሐይቅ ከግራናም ከኮምቦልቻም ግማሽ መንገድ ግድም ነው። ይህን ሳሰላው ነው የገረመኝ። ሁልጊዜ እኛ ወደ እርስዎ እንመጣለን፣ እርስዎ ጉልበትዎ አልችል ብሎ ወደኛ መምጣት ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆነዎት። መንገዱን ለሁለት ብንካፈለውስ? ከፋሲካ በኋላ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ እርስዎና እማዬ ከመርሳ የጠዋቱን መኪና ይያዙ። ሹፌሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ያስይዙልዎ፣ ጉልበትዎ እንዲዘረጋ። እኛ ቀድመን ደርሰን ሐይቅ መናኸሪያ እንጠብቃችኋለን። ከዚያ እስከ ውሃው ባጃጅ አለ፤ አንድ እርምጃ ዳገት አይወጡም።

ማሙሽ እጅዎን ይዞ ውሃው ድረስ ሊወስድዎ ቃል ገብቷል። «አያቴ ይህንን አይተፋውም» ይላል። እማዬ ደግሞ ሎሚ ይዛ ትምጣ፤ ዓሣውን እኛ እንገዛለን።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ምርቃትዎ አይለየን።

ልጅዎ፣ ከነባለቤቷና ከነልጆቿ