ባሕር የተሻገረው ክሩዋሳን

እናቴ «ልጄ የፈረንሣይ ዳቦ ጋጋሪ ናት» እያለች ለደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ትናገራለች። እኅቴ ግን ፈረንሣይን በካርታ ካልሆነ በቀር አይታ አታውቅም፤ የምትሠራው በዱባይ ነው፤ መሥሪያ ቤቷም በአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የተከፈተ የአንድ ስመ ጥሩ የፈረንሣይ ዳቦና ኬክ ቤት ቅርንጫፍ ነው። የቤቱን ስም እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ እኅቴ እስከ ዛሬ እንጀራዋን የምትበላው ከዚያው ነውና። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷ ዘንድ ሄጄ ሁለት ሳምንት ሰነበትኩ። ቅርንጫፉ ከተከፈተ ገና ሁለት ወሩ ስለ ነበር፣ በዚያ ሰሞን የሚገባው ሰው ሁሉ አስተያየት ሰጪ ነበረ። እኔም ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጬ፣ በእኅቴ ሒሳብ እየበላሁ፣ የሰውን ሁሉ ፍርድ አዳምጥ ነበር።

የመጀመሪያው ፈራጅ አንድ ሸምገል ያለ ፈረንሳዊ ነበር። ክሩዋሳኑን ወደ ጆሮው አስጠግቶ በጣቶቹ ጫን አደረገው፤ የበሽተኛ ደረት የሚያዳምጥ ሐኪም ይመስል ነበር። ከዚያም አንድ ጊዜ ገምጦ «ይህ የፓሪስ አይደለም» አለና ተነሣ። በማግሥቱ ግን መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን መጣ። አንዲት የሊባኖስ ሴት ደግሞ ባዶ ክሩዋሳን ትርጉም የለውም፣ ዛዕተር የሚባለው ቅመም ካልተጨመረበት አልበላም አለች። አንድ ሕንዳዊ የሒሳብ ሠራተኛ አንድ ብቻ ገዝቶ በቢላዋ እኩል ለሁለት ከፍሎ ለሚስቱ ግማሹን ሰጠ፤ አስተያየቱም «መልካም ነው፤ ዋጋው ግን የሦስት ዳቦ ነው» የሚል ነበር። ወጣቶቹ አስቀድመው ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ ከዚያ በኋላ ሲበሉት አላየሁም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእኅቴ ጓደኞች መጡና አንዷ አፏን ጠርጋ «ይህ ነገር አየር ነው እንዴ? ብበላ ብበላ ሆዴ አልሰማውም» ብላ አሳቀችን።

የራሴንም ፍርድ ልናገር። ክሩዋሳኑ ከውጭ መልካም ነው፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ ልብስ ላይም ይራገፋል። ውስጡ ግን ትንሽ ረጠብ ብሎ ይጣበቃል። በውስጡ ቸኮላታ የተጠቀለለበትን ሁለት ቀን ደጋግሜ በላሁ፤ እንከን አላገኘሁበትም። በለውዝ የተሞላው ስኳሩ ስለ በዛ ግማሹን ተውኩት። ክሬም ያለበት ረዥሙ ኬክ፣ ኤክሌር የሚሉት፣ ከክሬሙ ይልቅ የማቀዝቀዣው ጠረን ይቀድማል። ረዥሙ ዳቦ፣ ባጌት፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ እጅግ ግሩም ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግን በግ ሊነዳበት ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ነገር ቤቱን አልነቅፍም፤ የባጌት ዕድሜ በተወለደበትም አገር ከአንድ ቀን አያልፍምና።

እንግዲህ ያ ሽማግሌ «የፓሪስ አይደለም» ያለው እውነቱን ነውን? ነገሩን ስከታተለው ከሚመስለው ይልቅ የተወሳሰበ ሆኖ አገኘሁት። (ዓመቶቹን የምጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ተማሪዎቼ ያነበቡ እንደ ሆነ በፈተና ላይ እንዳይሳሳቱ።) ክሩዋሳን ራሱ ለፓሪስ እንግዳ ነበረ። አውጉስት ዛንግ የሚባል የመድፈኛ መኮንን የነበረ የኦስትሪያ ሰው በ1830ዎቹ መጨረሻ በፓሪስ በሪሽልዩ መንገድ ላይ የቪየና ዳቦ ቤት ከፈተ። የጨረቃ ቅርጽ ያለውን የአገሩን ዳቦ እዚያ አስለመደ። ፈረንሣዮች እስከ ዛሬ ድረስ ይህን መሰሉን ዳቦ ሁሉ በቪየና ስም ይጠሩታል። ዛንግ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1848 በቪየና «ዲ ፕሬሴ» የተባለውን ጋዜጣ መሠረተ፤ ከዳቦ ወደ ጋዜጣ መዛወር የትርፍ መንገድ መሆኑን ግን ለዚህ መጽሔት ባልደረቦች ለማስረዳት አልደፍርም። ቱርኮች በ1683 ቪየናን በከበቡ ጊዜ ጋጋሪዎች ለድሉ መታሰቢያ ሠሩት የሚባለው ታሪክ፣ በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ የሌለው ተረት ነው። ዛሬ የምናውቀው፣ ቅቤው በሊጥ መካከል የሚደራረበው ክሩዋሳን፣ በፈረንሣዮች እጅ የተሠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። ስለዚህ ያ ሽማግሌ የተቈጨለት የፓሪስ ክሩዋሳን አያቱ ስደተኛ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሕግ ነው። በፈረንሣይ አገር በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ሊጡን ራሱ ሳያቦካ፣ ሳይድቦለቡልና በሚሸጥበት ቦታ ሳይጋግር ማንም ሰው በደጁ ላይ «ዳቦ ጋጋሪ» ብሎ ሊጽፍ አይፈቀድለትም፤ ሊጡም ሆነ ዳቦው በማናቸውም ጊዜ በበረዶ መድረቅ የለበትም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1993 የወጣው ደንብ ደግሞ የባህል ዳቦ ምን ምን ሊገባበት እንደሚገባ ወስኗል። ይህን ያነበበ ሰው ፈረንሣዮች እንዴት ያለ ጥንቁቅ ሕዝብ ናቸው ይላል። ዳሩ ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ዳቦ እንጂ ስለ ክሩዋሳን አይደለም። ስለዚህ በፈረንሣይ አገር ራሷ ከፋብሪካ በበረዶ ደርቆ የመጣ ክሩዋሳን በመስኮቱ ደርድሮ የሚሸጥ ሕጋዊ ዳቦ ጋጋሪ ጥቂት አይደለም። ሽማግሌው በፓሪስም ሳለ ምን ይበላ እንደ ነበር ማን ያውቃል?

ወደ ውጭ አገር የወጡት ቤቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። ፖል የሚባለው ቤት በ1889 በሊል ከተማ አጠገብ የተጀመረ የቤተ ሰብ ዳቦ ቤት ሲሆን፣ በ2000 ለንደን ገባ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አለው። በዚያው በ2000 ከ1932 ጀምሮ በፓሪስ የሚታወቀው የፑዋላን ቤት እንዲሁ ለንደን ሲገባ፣ እዚያው በእንጨት የሚነድ ፉርኖ አሠራ። ኬክ ሠሪው ፒየር ኤርሜ ደግሞ በራሱ ስም የመጀመሪያውን ሱቅ የከፈተው በፓሪስ ሳይሆን በ1998 በቶኪዮ ነው። አንዱ ስሙን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ፉርኖውን ይዞ ይሄዳል። እኅቴ ያለችበት ቤት ከነዚህ ከጠራኋቸው አንዱም አይደለም፤ ይዞት የሄደው ምን እንደ ሆነ ግን እኅቴ ነገረችኝ።

ሌሊት ዐሥር ሰዓት ትነሣለች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከማቀዝቀዣው ክፍል፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከሆነው፣ ካርቶኖቹን ታወጣለች። በካርቶኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ያለቀ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ክሩዋሳን አለ፤ የመጣው በመርከብ ነው። በመጋገሪያው ትሪ ላይ ትደረድረዋለች፤ እስኪነሣ ትጠብቃለች፤ እንቁላል ትቀባዋለች፤ ፉርኖ ውስጥ ትከተዋለች። ቀለሙን አይታ የምታወጣበትን ደቂቃ ከሰዓቱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ በዚህም ከፊሊፒንና ከኔፓል ከመጡት ባልደረቦቿ ሁሉ የተመሰገነች ናት። በዚህና በሌሎቹ ቅርንጫፎች አምስት ዓመት ሠርታለች። «በአምስት ዓመት ውስጥ» አለችኝ፣ «ዱቄት በእጄ ነክቼ አላውቅም።»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በዚያች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ስለ ለውዙና ስለ ክሬሙ ስፈርድ የቆየሁት ሁሉ ይህን ስሰማ ጣዕሙ ጠፋብኝ። ቤቱን አታላይ ነው አልልም። በር ላይ የተጻፈው ዓመት እውነት ነው፤ ቅቤውም እውነተኛ ቅቤ ነው፤ ደመወዟንም በወሩ ይከፍላታል። ነገር ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣው የሥራው የመጨረሻ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ሙያው፣ ማለት ማቡካቱ፣ ማጠፉና መታገሡ፣ ከማዶ ቀርቷል። እኅቴም የቈረጠችው ነገር አለ፤ ገንዘብ አጠራቅማ ወደ አገሯ ተመልሳ በደብረ ብርሃን ዳቦና ኬክ ቤት ልትከፍት ነው። ያጠራቀመችውን አሳየችኝ፤ ለኪራይና ለአንድ ፉርኖ ይበቃል፤ ለሁለተኛ ሙከራ ግን አይበቃም። በበረዶ የደረቀ ሊጥ አስመጥታ እንዳትሸጥ፣ የውጭ ምንዛሪው አለ፣ የማቀዝቀዣ መኪናው አለ፣ ከሁሉም በላይ መብራት አንድ ሌሊት የጠፋ እንደ ሆነ የወር ሊጥ በአንድ ሌሊት ይቀልጣል።

ስለዚህ ከሥራ መልስ፣ ከሦስት ሴቶች ጋራ በምትኖርበት ክፍል ውስጥ፣ ማንም ሳያስተምራት ትማራለች። ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሊጡ ይቦካል፤ ይዳመጣል፤ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ የሆነ ቅቤ በመካከሉ ይገባል፤ ከዚያ ሦስት ቦታ ይታጠፋል። ይህ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም የቅቤው ድርብ 27 ይሆናል። በየመካከሉ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማረፍ አለበት፤ ሁለት ቀን የሚፈጀውም ስለዚህ ነው። ፉርኖ ሲገባ በቅቤውና በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ተን ይሆንና ድርቡን ከድርቡ ያነሣዋል። (ኬሚስትሪ ስለማስተምር ይህን ክፍል ሳስረዳት ራሴን ጠቃሚ ሰው አድርጌ ቈጠርኩ።) ቅቤው ሳይጋገር ከቀለጠ ግን ድርቡ ሁሉ አንድ ላይ ይዋሐዳል፤ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ዱባይ ደግሞ በሐምሌ ምን እንደ ሆነች መናገር አያስፈልግም። መዳመጫ ስለሌላት በጠርሙስ ትዳምጣለች። ማቀዝቀዣ አየሩን ስታጠነክረው ጓደኞቿ ብርድ ልብስ ለብሰው ይስቁባታል።

የመጀመሪያው ቅቤውን ሁሉ ትሪው ላይ አፍስሶ በራሱ ቅቤ ተጠበሰ። ሁለተኛው ዳቦ ሆነ፤ ክፉ ዳቦ አልነበረም። ሦስተኛውን እኔ ባለሁበት ሠራችውና በቢላዋ ለሁለት ከፍላ ወደ መብራቱ አቀረበችው። ድርቡ እዚህም እዚያም እንደ ማር እንጀራ ተከፍቶ ይታያል። ከዚያ ከመሥሪያ ቤቷ ያመጣችውን ከጎኑ አስቀመጠችና «አንተ አስተማሪ ነህ፤ ለእኅትህ ብለህ ሳይሆን እንደ ፈተና ወረቀት አርመህ ንገረኝ» አለችኝ።

«እታለም፣ በመልኩ የእነሱ ይበልጣል፤ በመዓዛው ያንቺ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

«ሰው ግን የሚገዛው በዓይኑ ነው» አለች። በመስኮቱ አጠገብ አምስት ዓመት የቆመች ሴት ስለ ሆነች አልተከራከርኳትም።

እኔ በተመለስኩ ሰሞን ፍልሰታ ገባ። እኅቴም ዐሥራ ስድስቱን ቀን ቅቤ እየሸተታት፣ ጣቷን ሳትልስ፣ ለሰው ስትጋግር ሰነበተች። ይህም በደብረ ብርሃን ለሚከፈተው ቤት ከባድ ጥያቄ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢዩንና የነቢያቱን ጾም ስናወጣ የቅቤ ክሩዋሳን የሚሸጥባቸው ቀኖች ስንት ይቀራሉ? ፈረንሣዮች በልማድ የቅቤውን ቀጥ ያለ፣ በማርጋሪን የተሠራውን ደግሞ ጎበጥ ያለ አድርገው ይሠሩታል፤ እኛም ጎባጣውን የጾም ብለን ብንሸጠውስ? እንዳንል ግን ወተትና እንቁላል ብዙውን ጊዜ በዚያም አይጠፋም፤ እነሱን አውጥቶ መሞከር ይኖርባታል። ከፈረንሣዮች ጋራ ዝምድናችን የባቡር ነው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ሲደርስ ከቋንቋቸው ለገሀርን አስቀርተናል። ከምግብ ቤት በኩል ግን ፉርኖውም፣ ቦምቦሊኖውም፣ ማኪያቶውም የጣሊያን ነው። ቦምቦሊኖ በዘይት ስለሚጠበስ ጾምን አይፈራም፤ ኑሮው በእኛ ዘንድ የተደላደለውም በከፊል በዚህ ይመስለኛል።

ከተመለስኩ በኋላ በስልክ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ቅቤ ነው። በኤውሮፓ ቅቤ ለመባል ከመቶ 80 ስብ ሊኖረው ይገባል። ከቅዳሜ ገበያ ለጋ ቅቤ ገዝቼ አቅልጬ ሳጠለው፣ ከሥሩ የቀረው አሬራና ውሃ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ፤ ይህን ስነግራት «እንግዲያው በቀዝቃዛ ውሃ እያጠብክ እሸውና እንደገና መዝነው» አለችኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ሊጥ ከዱባዩ ይልቅ ቶሎ ይነሣል፤ እርሾው መቀነስ አለበት። ይህንንም ጻፈችው። ሁለተኛው የቤት ሥራ የወጥ ቤታችን ብርድ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሼ በታኅሣሥ ለአንድ ሳምንት ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየተነሣሁ ለካሁ፤ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆማ «ምን ጠፍቶህ ነው?» ትለኝ ነበር። ሰባቱም ቀን ከ10 ዲግሪ አልዘለለም። ቁጥሩን በስልክ ሳነብላት እኅቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ያለ ማቀዝቀዣ ማለት ነው» አለች፤ ከዚያም የቀኑን እንድለካ አዘዘችኝ።