የኋላው ፍሬን

አማርኛው «ፍሬን» ይለዋል፤ እኔ አፌን በፈታሁበት በትግርኛ «ፍሬኖ» ነው፤ ወደ ገዳሪፍ ሲሻገሩ ደግሞ ዐረብኛው «ፈራሚል» ይለዋል። ሦስቱን ስም እያወቅሁ፣ ነገሩን ራሱን ግን ሳላውቅ እስከ ጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. ድረስ መኪና መንዳቴን ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

በዚያን ጊዜ በመተማ ዮሐንስ በመንግሥት ሥራ ላይ ነበርሁ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በገዳሪፍ ከተማ በእህል ንግድ የሚተዳደሩ ሰው ናቸው፤ እኔም እንደ አገራችን ልማድ «አያ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ሱዳኖች «ቦክሲ» የሚሉት ዐይነት አንድ አሮጌ ሂሉክስ ፒክአፕ አላቸው። የገዳሪፍ ሜዳ ክረምት ሲገባ እግር የሚይዝ ጥቁር አፈር፣ በጋ ሲሆን የሰሊጥና የማሽላ አገር ነውና፣ ፒክአፕ ያለው ነጋዴ ፋብሪካው በሰጠው ባሌስትራ ብቻ አይረካም፤ ብዙ ጆንያ እንዲችልለት አንድ ሁለት ቅጠል ይጨምርበታል። አያም ጨምረውበት ስለ ነበር መኪናው ባዶውን ሲቆም ጭራው ወደ ላይ የተነሣ ነበር። ከዚህም በላይ የፊቱን ፍሬን አስፈትተው፣ ከትልቅ መኪና የተገኘ ወፍራም ዲስክና ዲስኩን እንደ ጉጠት የሚነክስ ትልቅ ካሊፐር አስገጥመውበታል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታልና ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳዩት ነበር።

አንድ ቀን ጧት ማሽላ ጭነን ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት ተነሣን። መሪውን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ የስምንት ወር ልጃችንን ታቅፋ በመካከል፣ አያ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ዶካን ካለፍን በኋላ አሸዋ በለበሰ አስፋልት ላይ የግመል መንጋ ከነእረኛው መንገዱን ሲያቋርጥ አየሁ። ፍሬኑን በኀይል ረገጥሁ። የፊቱ ጎማዎች ቀጥ ብለው ቆሙ፤ መኪናው ግን አልቆመም። መሪውን ወደ ግራ ባዞረው፣ መሽከርከር የተወ ጎማ መሪ አይሰማምና፣ በቀጥታ እየተንሸራተተ ሄደ። በቆመ ጊዜ አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ ከአፍንጫው ፊት ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ቆሞ ነበር። ልጁ አልጮኸም፤ ዱላውን እንደ ያዘ አየን፤ እኛም አየነው።

አያ ላባቸውን ጠርገው «መኪናው ጤነኛ ነው፤ የደነገጠው የአንተ እግር ነው» አሉኝ። ለታላቅ ሰው መልስ መስጠት አልወደድሁም። ባለቤቴ ግን አንድ ቃል ሳትናገር ሕፃኑን ይዛ ወረደችና በመጀመሪያ በመጣው አውቶቡስ ወደ ገዳሪፍ ተመለሰች።

እኛም በዝግታ ተመልሰን ሽበታም ከሆኑ አንድ «ኡስታ» ዘንድ ገባን። ሰውየው ምንም ሳይፈቱ ከነጭነቱ ከጋራዡ ኋላ ባለው ሜዳ ደጋግሜ እንድነዳና እንዳቆም አዘዙኝ። ከዚያ ወርደው በየቸርኬው አጠገብ የእጃቸውን ጀርባ አስጠጉ። የፊቱ ያቃጥላል፤ የኋላው እንደ ውሃ እንስራ ቀዝቃዛ ነው።

ምክንያቱን ከመኪናው ሥር አስገብተው አሳዩን። ከኋላው አክስል በላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዛ የጭነቱን ልክ ታውቃለች። ጭነት ሲበዛ የመኪናው አካል ወደ አክስሉ ይወርድና ዘንጉ ቫልቯን ይገፋታል፤ እርሷም ለኋላው ጎማ ሙሉ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ግን ግፊቱን ትቀንሳለች። የተጨመረው ባሌስትራ ጭራውን ከፍ አድርጎ ስላስቀረው፣ መኪናው ያን ሁሉ ጆንያ ተሸክሞ ሳለ ለቫልቯ ባዶ መኪና መሰላት። ያ ትልቅ ካሊፐር ደግሞ የፊቱን ፍሬን ብቻ አበረታ።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ በታሸገ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል የሚለውን የፈረንሳዊውን የጳስካልን ሕግ በቃሌ አጥንቼ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። በዚያው ትምክሕት «ታዲያ ቫልቯን አውጥተን ብንጥላትስ? ግፊቱ ለአራቱም እኩል ይደርሳል» አልሁ። ኡስታው ሳቁብኝ። መኪና ፍሬን ሲያዝበት ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ኋላው ይቀላል፤ በባዶ ጊዜ የኋላው ጎማ ቀድሞ ከቆመ ጭራው ዞሮ ወደ ፊት ይመጣል አሉ። ፊተኛው በጥቂት መቅደም አለበት፤ ነገር ግን ኋለኛው ከሥራ መውጣት የለበትም።

ሥራው አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። የዘንጉን መያዣ በአዲሱ የባሌስትራ ከፍታ ልክ ቀይረው አበጁ፤ ከታምቡሩ የራቀውን የኋላ ፍሬን ሸራ አቀረቡ። የፍሬኑንም ዘይት ለወጡ፤ ዘይቱ ሲያረጅ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ይፈላና እግር ባዶ ይረግጣል። አየሩን ከሩቁ ጎማ ጀምረው አወጡ። ከዚያ በባዶ፣ በግማሽ፣ በሙሉ ጭነት ተሞከረ። አያ በመጨረሻው ሙከራ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ወደ ኋላው ቸርኬ አስጠጉና ብዙ ቆዩ። ስለ እግሬም ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ባለቤቴ የመጨረሻውን ሙከራ ከሜዳው ዳር ቆማ በዐይኗ ካየች በኋላ ነው የገባችበት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ በጎረፈ ጊዜ፣ አያ በዚያው መኪና ሰዎችን እስከ ጋላባት ያመላልሱ ነበር። እኔም ለሥራ ወደ ጠረፉ ተልኬ አገኘኋቸው። ሴቶችና ሕፃናት ከነጓዛቸው ከመኪናው እየወረዱ ነበር። አያ ገና ሳንሳሳም በእጃቸው ጠቀሱኝና «ና፣ የኋላውን ንካው» አሉኝ።

ሞቅ ብሏል።