አንድ አያት፣ ሦስት ፓስፖርት

ባለፈው ፋሲካ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ አንድ ቤት፣ ምሳው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ ስልኩ ስኒዎቹን ተደግፎ ቆመ። ሦስት ልጆች ከሦስት አገር በስክሪኑ ላይ ተደረደሩ፤ ወንድየው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ መካከለኛዋ ከፍራንክፈርት፣ ታናሺቱ ከዱባይ። ሦስቱም ዓመት ያልሞላው ሕፃን አቅፈዋል። እናትየው ሕፃናቱን አንድ በአንድ መረቁና "ለመሆኑ እነዚህ ልጆች የየት አገር ሰው ናቸው?" ብለው ጠየቁ። ሁሉም ሳቁ። መልሱ ግን የሚያስቅ አይደለም።

የወንድየው ልጅ እንደተወለደ አሜሪካዊ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነፃ የወጡትን ባሪያዎች ዜግነት ለማረጋገጥ የመጣ ነው። በ1898 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከቻይናውያን ስደተኞች የተወለደ ሰው አሜሪካዊ መሆኑን በዚሁ አንቀጽ ወሰነ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጥር 2025 ይህን መብት የሚያጠብ ትዕዛዝ ፈርመው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገብቷል። ትዕዛዙ ራሱ ግን እንደ ወንድየው ግሪን ካርድ ያላቸውን ወላጆች ልጆች አይነካም።

የፍራንክፈርቷ ልጅ ጀርመናዊት ናት፤ ለጥቂት ግን ሳትሆን ልትቀር ነበር። ጀርመን ለብዙ ዘመን ዜግነትን የምትሰጠው በደም ነበር። ከ2000 ጀምሮ፣ ከወላጆች አንዱ 8 ዓመት በሕጋዊ መንገድ ከኖረና ቋሚ የመኖሪያ መብት ካለው፣ እዚያ የሚወለደው ልጅ ጀርመናዊ እንዲሆን ፈቀደች። በሰኔ 2024 ስምንቱ ዓመት ወደ 5 ዝቅ አለ። እናቲቱ በአገሩ የቆየችው ስድስት ዓመት ነው። በአሮጌው ሕግ ቢሆን ልጇ የውጭ ዜጋ ትሆን ነበር።

የዱባዩ ሕፃን ከኤምሬትስ ዜግነት አያገኝም። እዚያ ዜግነት በዋናነት የሚተላለፈው ከአባት ነው። መኖሪያ ፈቃዱ የተንጠለጠለው በአባቱ ላይ ነው፤ የአባቱ ደግሞ በአሠሪው ላይ። ዱባይ ተወልዶ፣ ዱባይ ተምሮ ቢያድግም፣ አባቱ ሥራ ካጣ ሻንጣ ማዘጋጀት ነው። ኤምሬትስ በ2021 ሕጓን አሻሽላ ለተመረጡ ባለሀብቶች፣ ሐኪሞች፣ ሳይንቲስቶችና አርቲስቶች በር ከፍታለች። የሆቴል ሠራተኛ ልጅ ግን በዚያ በር አይገባም።

ጥያቄዎቹ ይለያያሉ። አሜሪካ "የት ተወለድክ?" ትላለች። ጀርመን "ወላጆችህ ስንት ዓመት ኖሩ?" ትላለች። ኤምሬትስ "አባትህ ማን ነው?" ትላለች።

ኢትዮጵያስ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው። እናትና አባትን እኩል በማየት ከብዙ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የተሻለ ሕግ ነው። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ሌላ ጥያቄ ይጨምራል፤ "ሌላ ዜግነት አለህ ወይ?" በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ዜግነት ትቶ ካልመረጠ ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል።

ይህ ሕግ የሚከብደው ወንድየው ላይ ነው። እናቱ እያረጁ ነው፤ አጠገቡ ሆነው ሊጦራቸው ይፈልጋል። በአሜሪካ ሕግ ግን ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለሚስቱና ላላገቡ ልጆቹ እንጂ ለእናቱ ማመልከት አይችልም፤ ያ የዜጋ መብት ነው። ስለዚህ እናቱን ለማምጣት አሜሪካዊ መሆን አለበት። አሜሪካዊ በሆነ ዕለት ደግሞ የእናቱ አገር ዜጋ መሆኑ ያበቃል። ቅጹን ሞልቶ ከጨረሰ ወራት አልፈዋል፤ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው።

"ቢጫ ካርድ አለ አይደል?" የሚል አይጠፋም። አለ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ ያደርጋል። መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድም።

የተቃዋሚዎቹ ስጋት ከንቱ አይደለም። ሜሪላንድ ተቀምጦ ድምፅ የሚሰጥ ሰው የምርጫው መዘዝ ቢመጣ ቤቱ አይቃጠልም። የሁለት አገር ታማኝነት የጦርና የደኅንነት ሥልጣን ላይ ሲደርስ ያስፈራል። ይሁን እንጂ ለዚህ ስጋት መልስ ያገኙ ጎረቤቶች አሉ። ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ ጥምር ዜግነትን ፈቀደች፤ ከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን ለመያዝ ግን ሌላውን ዜግነት መተው ግዴታ አደረገች። ስጋቱ ያለው ሥልጣኑ ላይ ከሆነ መዘጋት ያለበት የሥልጣኑ በር ነው። እናቱን ሊጦር የፈለገ ልጅ በዚያ በር ሊያልፍ አልተነሣም።

ጀርመን ራሷ በ2024ቱ ማሻሻያ የቀድሞ ዜግነትን የማስተው ግዴታ አንስታለች። የፍራንክፈርቷ ልጅ ነገ ጀርመናዊት ልሁን ብትል በርሊን "ኢትዮጵያዊነትሽን ተዪ" አትላትም። የሚላት አዲስ አበባ ነው።

በዚያ የፋሲካ ቀን ወንድየው ነገሩን ለእናቱ ለማስረዳት ሞከረ። እናትየው እስኪጨርስ ሰሙትና "እኔ ስወልድህ ወረቀት አልፈረምኩም" አሉት። ሁለተኛው ቡና ተቀዳ፤ ቅጹም መሳቢያ ውስጥ ቀረ።